ደመወዙ ከውጭ፣ ወንበሩ አራት ኪሎ

አንዲት ልጅ በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ክሩን፣ ጥያቄዋና መልሶቻችን በተርታ የሚሰፍሩበትን ገጽ፣ የከፈተችው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። በሥራ መሀል ሻይ ልታፈላ ተነሥታ ሳይሆን አይቀርም፤ ጽሑፏ አንድ አራት ነጥብ እንኳ የለውም። አራት ኪሎ፣ ከድል ሐውልቱ ብዙም የማይርቅ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ከመስከረም ጀምራ አሜሪካ ላለ የሶፍትዌር ኩባንያ የደንበኞችን ጥያቄ በጽሑፍ ትመልሳለች። ኩባንያውን ረግጣው አታውቅም፤ አለቃዋንም ከስክሪን ውጭ አላየቻትም። ደመወዙ በወር አንዴ በዶላር ይገባላታል፤ ምንም አይቆረጥበትም። ነገሩን ያነሣሣው ባንክ ነው፤ ለቤት ብድር ስትሄድ የሥራ ግብር የከፈልሽበትን ማስረጃ አምጪ አሏት። ጓደኛዋ ደግሞ ግብሩን አሜሪካ ቀድማ ወስዳለች፣ አንድ ገንዘብ ሁለቴ አይገበርበትም ብላ አጽናንታታለች። እሷም በዚህ ደመወዝ እዚህ አገር ግብር አለብኝ ወይ፣ ማንን ልመን ብላ ወደኛ መጣች።

ይህን መድረክ ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ። ክሩ 41 መልስ ደርሶ መያዣ መጨበጫ ስላጣ ለቀጣይ አንባቢ ልተርከው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ገለልተኛ አይደለሁም፤ 17ኛው መልስ የኔ ነው።

1ኛው እንኳን ደስ አለሽ ብሎ በዚያው ትንፋሽ ሰው ይቀጥራሉ ወይ ሲል ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ከዚያ በኋላ በተለያዩ ሰዎች አራት ጊዜ ተመልሶ ስለመጣ ድጋሚ አላነሣውም።

2ኛው ልበ ሙሉ ነበር። ኩባንያው የአሜሪካ ነው፣ ስለዚህ ግብሩ እዚያው ተከፍሎ አልቋል አለ። ማስረጃው ቨርጂኒያ የሚኖረው የአክስቱ ልጅ ነው፤ የደመወዝ ወረቀቱን በዓይኑ አይቷል፣ የተቆረጠው ብዛት ያስደነግጣል። 3ኛውና 4ኛው አመሰገኑት። ጠያቂዋም የልብ ምልክት ሰጠችው። ክሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ሁላችንም ደስ ብሎን እንተኛ ነበር።

5ኛው ግን መጣ። ቸርችል ጎዳና አካባቢ ተቀምጦ ለአሜሪካ ኩባንያ ኮድ የሚጽፍ ልጅ ነው፤ በትሕትና፣ ወንድሜ እያለ ነው ያረመው። የአክስትህ ልጅ የሚሠራው ቨርጂኒያ ነው፣ እሷ የምትሠራው አራት ኪሎ ነው አለ። አሜሪካ ለጉልበትና ለሙያ ክፍያ የምታየው አገልግሎቱ የተሰጠበትን ቦታ ነው። የውጭ ዜጋ ሆኖ ሥራውን በሙሉ ከአሜሪካ ውጭ የሚሠራ ሰው ገቢው የአሜሪካ ምንጭ አይባልም። ኩባንያው በመጀመሪያው ሳምንት የውጭ ሰው መሆኗን የምታረጋግጥበትን «ደብሊው ኤይት ቤን» የሚባል ቅጽ ሳያስፈርማት እንደማይቀርም ገመተ። ቅጹ ወደ አሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት አይላክም፤ ኩባንያው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። የሚያገለግለውም ከተፈረመበት ዓመት ቀጥሎ እስካለው ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ድረስ ነው። የጻፈው ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ምንም አልተቆረጠም ማለት ተከፍሏል ማለት አይደለም፣ አሜሪካ የኔ አይደለም ብላለች ማለት ነው። ሁለቴ መገበር የሚባለው ስጋት የሚመጣው መጀመሪያ አንዴ ሲገበር ነው።

6ኛው መልስ የራሷ የጠያቂዋ ነው። ኢሜይሏን ገልብጣ ቅጹን አገኘችው። ከሜክሲኮ ወደ አራት ኪሎ ታክሲ ውስጥ ሆና፣ ስልኳ ላይ በጣቷ ፈርማዋለች፤ ፊርማው የሕፃን ልጅ ጭረት ይመስላል ብላ ራሷ ሳቀች።

ቀጥሎ ጋሼ ገቡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰው ናቸው፤ እዚህ ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። እሳቸው ሁልጊዜ የሚነሡት ከአዋጅ ቁጥር ነው። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሁለት በር አለው አሉ። አንደኛው ነዋሪነት ነው፦ መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በተከታታይም ይሁን በመመላለስ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው። ነዋሪ ደግሞ ከየትም ዓለም ባገኘው ገቢ ላይ ይጠየቃል። ሁለተኛው በር ሥራው ራሱ ነው፦ ሥራው ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሠራ ደመወዙ የትም ይከፈል የት፣ ገቢው የኢትዮጵያ ነው። ጠያቂዋ በሁለቱም በር ገብታለች፤ መውጫ የላትም አሉ።

በኔ ግምት የክሩ ግማሽ ጭቅጭቅ የመጣው ይህን መልስ ካለማንበብ ነው። ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለው ገንዘቡ ከየት ተነሣ በሚለው ላይ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ወንበሩ የት ነው ብሎ ነው።

8ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ ማንም ሳይጠይቃት በእግሯ ሄዳ ገንዘብ የምትሰጥበትን ምክንያት አስረዱኝ አለ። ኩባንያው እዚህ ቢሮ የለው፣ ስሙን የሚያውቅ የለ፤ ዝም ብላ ትሥራ፣ ትብላ። ከክሩ ሁሉ ብዙ አውራ ጣት ያገኘው ይኸው መልስ ነው፣ 19። 9ኛው ደግሞ ጨመረበት፦ መብራት በሳምንት ሦስት ቀን እየሄደበት፣ ውኃ በፈረቃ እየጠበቀ፣ ለምኑ ነው የምከፍለው ብሎ ተንገሸገሸ። ምሬቱን ክፉ ነው አልልም፤ እኔም ባትሪ የገዛሁት በራሴ ገንዘብ ነው። ግን ጠያቂዋ የጠየቀችው ሌላ ነው።

ወደ ነገሩ የመለሰን 11ኛው ነው። ውልሽ ምን ይላል ብሎ ጠየቃት። ውሉ ራሷን የቻለች ኮንትራክተር ናት ይላል። ኑሮዋ ግን እንዲህ ነው፦ ከቀኑ 11 ሰዓት ትገባለች፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትወጣለች፤ ላፕቶፑን የላኩላት እነሱ ናቸው፤ አንድ ቀን ለመቅረት አለቃዋን ማስፈቀድ አለባት፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከተነሣች ስክሪኗ ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ወደ ቢጫ ትቀየርና መልእክት ይመጣባታል።

ጋሼ በ12ኛው መልስ ይቺን አረንጓዴ ነጥብ ይዘው ብዙ ጻፉ። አዋጁ ተቀጣሪ የሚለው በሌላው አመራርና ቁጥጥር ሥር የሚሠራውን ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተለጠፈው ስም ብቻውን አይወስንም። በነጥብ የሚጠብቃት ካለ ተቀጣሪ ናት፣ የደመወዝ ግብር የሚሰላበት ሠንጠረዥ «ሀ»። የራሷን ደንበኛ የምትይዝ፣ ሰዓቷን የምትወስን፣ በራሷ ዕቃ የምትሠራ ቢሆን የንግድ ገቢ የሚገበርበት ሠንጠረዥ «ሐ» ነው፦ ንግድ ፈቃድ፣ መዝገብ፣ ወጪ ማቀናነስ። ተቀጣሪ ከሆነች ግብሩን ቆርጦ ማስገባት የቀጣሪው ግዴታ ነበር፤ ቀጣሪው አገር ውስጥ ስለሌለ ግን ግብሩ አይጠፋም፣ ራሷ ሄዳ ታሳውቃለች። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፣ የኤምባሲ ሠራተኞች ሲያደርጉት የኖሩት ነው አሉ።

13ኛው ካልኩሌተር አወጣ። ለማስሊያ እንዲመች 1 ዶላር 150 ብር ብሎ፣ 1,000 ዶላር 150,000 ብር፣ 35 በመቶው 52,500 ብር በየወሩ! ብሎ ወረወረው። ጠያቂዋ የሚያለቅስ ፊት ብቻ ላከች።

14ኛዋ ወዲያው አረመችው። አንድ ድርጅት ውስጥ ደመወዝ የምትሠራ ናት፤ ይህን በየወሩ በእጇ ታወጣዋለች። 35 በመቶ የሚያርፈው በሙሉው ላይ ሳይሆን ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ነው። በ2017 በወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከዚያ እስከ 4,000 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከዚያ በላይ 35። አቋራጩን መንገድም ሰጠች፦ 150,000ን በ35 በመቶ አባዝተሽ 2,050 ቀንሺ፣ 50,450 ብር። በድሮው ሠንጠረዥ ተቀናሹ 1,500 ስለነበር 51,000 ይመጣ ነበር፤ ስለዚህ ማሻሻያው በዚህ ደመወዝ ላይ ላለ ሰው ያተረፈለት በወር 550 ብር ነው። ዝቅተኛ ደመወዝተኛውን ነው የጠቀመው ብላ አንድ መስመር ጨመረች።

13ኛው ተከፋ። በ15ኛው መልስ መምህርት ሆይ እያለ ሊያሾፍ ሞከረ፤ እሷ ዝም አለችው። 16ኛው በሠንጠረዥ «ሐ» የሚከፍል የግራፊክስ ሠራተኛ ነው፣ ከካዛንቺስ። ደረጃዎቹ እነዚያው በ12 ተባዝተው ነው፦ በዓመት 24,000 ብር ነፃ፣ ከ168,000 በላይ 35 በመቶ። ልዩነቱ መዝገብ ለሚይዝ ሰው የሚቆጠረው ትርፍ መሆኑ ነው፤ ኢንተርኔቱን፣ የላፕቶፑን የእርጅና ቅናሽ፣ የቢሮ ኪራዩን በደረሰኝ ያወራርዳል። ዓመታዊ ገቢው 2 ሚሊዮን ብር ሲደርስ ግን ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ይሆናል፤ የሒሳብ መዝገብ ግድ ነው። በ13ኛው ምንዛሪ ሲሰላ በወር 1,111 ዶላር ገደማ ላይ ድንበሩ አለ። ብር በሐምሌ 2016 መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ፣ ያው 1,111 ዶላር በዓመት 760,000 ብር ነበር። ሥራው ሳይጨምር ሰውየው በደረጃ አደገ ማለት ነው። ይህን ሲጽፍ እየሳቀ ይሁን እየተናደደ አላወቅኩም።

17ኛው እኔ ነኝ። ሕጉ ግልጽ ነው፣ መስኮቱ ነው ግልጽ ያልሆነው ብዬ የራሴን ጻፍኩ። ከሦስት ዓመት በፊት የ11 ወር ክፍያዬን ይዤ ወደ አንድ ቅርንጫፍ ሄድኩ። ውሌ 9 ገጽ ነው፣ እንግሊዝኛ። የመጀመሪያዋ መስኮት የቀጣሪህ ቲን ቁጥር የታለ አለችኝ፤ የለውም አልኩ፤ ሲስተሙ ያለሱ አያልፍም አለች። ሁለተኛው መስኮት ንግድ ፈቃድ አውጣ አለኝ። ሦስተኛው ይህ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው፣ ባንክህን ጠይቅ አለ። ባንኬ ደግሞ ገቢዎች ሂድ። በአራተኛው ቀን ነጠላ የለበሱ አንዲት ትልቅ ሴት ወረቀቴን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ገጽ በገጽ አነበቡልኝ። የኔ ልጅ፣ ይህ እንደ ኤምባሲ ሠራተኛ ነው የሚታየው ብለው በእጃቸው ማስታወሻ ጻፉልኝ። በዚያች ማስታወሻ ነው የከፈልኩት። ማኅተም ሲያርፍበት የተሰማኝን እፎይታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ገንዘብ ሰጥቼ የተደሰትኩበት ብቸኛ ቀን ነው።

ከ18 እስከ 24 ያሉት መስመር ሳቱ። አንዱ ፒያሳ ሲፈርስ ወደ ገላን ተዛውሮ፣ አሁን የሌሊት ሥራ ጨርሶ ዘመድ ጋ ማደር ስለማይችል ፈረቃውን ለመቀየር መለመኑን ጻፈ። ሌላዋ ለኮሪደር ልማቱ መንገድ ሲቆፈር የኢንተርኔት ገመዷ ተበጥሶ ሁለት ቀን በስልኳ ዳታ ስትሠራ እንደከረመች። በአንድ ማኪያቶ አራት ሰዓት የሚያስቀምጥ ካፌ የት አለ የሚል ጥያቄ ስድስት ሰው አነጋገረ። ክሩን ልዘጋው ስል 25ኛዋ ገባች።

እሷ የአሜሪካ ፓስፖርት አላት፣ ቢጫ ካርድ ይዛ እዚህ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። 5ኛው ያለው እውነት ነው፣ ግን ለኔ አይሠራም አለች። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ይኑር የት ታስገብራለች። ለ2025 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በውጭ አገር ተሠርቶ ከተገኘ ገቢ እስከ 130,000 ዶላር ማስወጣት ይቻላል፤ ከተከታታይ 12 ወር 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ መሆንን ወይም ሌላውን የነዋሪነት መስፈርት ማሟላት ይጠይቃል። እሷን የጎዳት ሌላው ነው። እንደ ኮንትራክተር ስለምትሠራ 15.3 በመቶው የግል ሠራተኛ መዋጮ አልቀረላትም፤ በሁለቱ አገሮች መካከል የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት የለም፣ የድርብ ግብር ስምምነትም የለም። በውጭ ባንኮች ያላት ሒሳብ ድምር 10,000 ዶላር ካለፈ ለብቻው ታሳውቃለች። ይህን ሁሉ ጽፋ ስታበቃ 26ኛው ድሮስ ዲያስፖራ ምን ቸገረው አለ። አጠፋሁት።

28ኛው የለንደን ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ከጠያቂዋ ጉዳይ ጋር ተቃራኒ ነገር ገጥሞታል። የለንደኑ ደመወዝ ክፍል እንደ አገሬው ሰው ቆጥሮ ለሰባት ወር ቆረጠበት። ነዋሪነቱ እዚህ፣ ሥራውም እዚህ መሆኑን አስረድቶ ግብር እንዳይቆረጥ የሚያደርገውን «ኤን ቲ» የሚባል ኮድ እስኪያገኝ መከራውን አየ። ኢትዮጵያና እንግሊዝ የድርብ ግብር ስምምነት ስላላቸው መነጋገሪያ ነበረው። 25ኛዋ ቀናሁብህ ብላ መለሰችለት፤ እውነቷን ነው።

30ኛው ያሳፈረውን ነው የጻፈው፣ ድፍረቱን አደንቃለሁ። ለሁለት ዓመት አሠሪው ገንዘቡን ሲልክ የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ የቤተሰብ ድጋፍ ብሎ እንዲጽፍ ለምኖት ኖሯል። ከዘመድ የሚላክ ገንዘብ አይገበርበትም፣ እንደ 8ኛው ያለ ጓደኛ የመከረው ነው። በኋላ ለቪዛ የሥራና የገቢ ማስረጃ ሲጠየቅ፣ የባንክ መግለጫው ሥራ የሌለው፣ ከውጭ የሚጦር ሰው አድርጎ አሳየው። በሁለት ዓመት ውስጥ በወር በወሩ አንድ ቀን ሳያዛንፍ የሚልክ፣ ስሙ የኩባንያ የሆነ ዘመድ!

8ኛው ይህን እንደ ስድብ ወሰደው። ተመልሶ መጥቶ ሁላችንንም የገቢዎች ጉዳይ አስፈጻሚዎች አደረገን። ይባስ ብሎ ጋሼን አንተ አላቸው። ክሩ ያን ጊዜ ነው የተናጋው፤ ስለ ግብር ግድ የሌላቸው ሁሉ ስለ አንቱታ ተነሡ። ጋሼ ራሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን ስለ ተውላጠ ስሙ አይደለም። በ33ኛው መልስ በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ሳያሳውቁ መዘግየት ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ እየጨመረ እስከ 25 በመቶ እንደሚደርስ ጻፉ። በ14ኛዋ ስሌት ላይ ሲያስቀምጡት ለአንዲት ወር ብቻ እስከ 12,612 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፣ ወለዱ ሳይታሰብ። ይህን ለልጅቷ አንተ ትከፍልላታለህ ወይ ብለው ጠየቁት። 8ኛው ከዚያ ወዲያ አልጻፈም። አውራ ጣቶቹ ግን 19 እንደሆኑ አሉ።

36ኛዋ ግብር የሌለበት አገር ነው ተብሎ ዱባይ ሦስት ወር ሄዳ ብትሠራ ትገላገል እንደሆነ ጠየቀች። 37ኛው አጭር ሰው ነው፦ ቤትሽ እዚህ፣ ልጆችሽ እዚህ፣ ዘጠኙ ወር እዚህ፤ ነዋሪነትሽ አልተነቃነቀም። 38ኛው ኩባንያው እዚህ በተመዘገበ ቀጣሪ ድርጅት በኩል እንዲቀጥራት ምክር ሰጠ። ያኔ ግብሩን የሚቆርጠው ድርጅቱ ነው፣ የመስኮት መንከራተት የለም፤ ጡረታም ይመጣል፣ 7 በመቶ ከሷ፣ 11 በመቶ ከቀጣሪ። 14ኛዋ ተመልሳ ሒሳቡን ሠራችለት፦ ከ150,000 ላይ 50,450 ግብር፣ 10,500 ጡረታ፣ እጅ ላይ 89,050። ጠያቂዋ ይህን ለአለቃዋ ጻፈች፤ የተመለሰላት መልስ እናስብበታለን ነው።

39ኛው መልስ ከመጀመሪያው ጽሑፍ 16 ቀን በኋላ የመጣ ነው። ጠያቂዋ ሄዳለች። ውሉን አስተርጉማ፣ የባንክ መግለጫዋን በወር በወሩ ለይታ፣ የ17ኛውን መልስ ስልኳ ላይ ከፍታ ለመስኮቱ አሳየች። መጀመሪያ ሳቁባት፣ ቀጥሎ አንዱ ባለሙያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቅጣት አለበት፣ ከፍላ ቤት ገባች፤ ስንት እንደሆነ አልነገረችንም። ደረሰኙን ፎቶ አንሥታ ለጠፈችው፣ ስሟንና ቁጥሩን በአውራ ጣቷ ሸፍና። ከጥፍሯ ሥር የማኅተሙ ሰማያዊ ክብ ግማሹ ይታያል።

40ኛው የትኛው ቅርንጫፍ፣ ስንተኛ መስኮት እንደሆነ ጠየቃት።

41ኛው የሷ ነው። መስኮቱ ቁጥር የለውም፣ ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ያለው ነው አለች፤ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ይሻላል፣ ባለሙያው ምሳ ከወጣ አይመለስም።